ዶሮን ሳይበልቱ በኦቨን ስለ መጥበስ
ለሻጭም ለገዢም የሚጠቅም ማብራሪያ

አንድ የንግድ ዕቃ መልካምነቱ የሚመሰከረው በሻጩ መደርደሪያ ላይ ሳለ አይደለም፤ በገዢው ቤት ሥራ ላይ በዋለ ጊዜ ነው። ጨርቅ በልብስ ሰፊው እጅ፣ ሚስማር በእንጨቱ ላይ እንደሚፈተን ሁሉ፣ ዶሮም የሚፈተነው በእሳት ላይ ነው። ገዢው ዋጋውን ከፍሎ ወደ ቤቱ የወሰደው ዶሮ ደርቆ፣ ወይም ጠንክሮ፣ ወይም ውስጡ ጥሬ ሆኖ ገበታ ላይ የቀረበ እንደ ሆነ፣ ጥፋቱን በአጠባበሱ ላይ አያደርግም፤ የማይረባ ዕቃ እንደ ተሸጠለት ቈጥሮ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ስለዚህ ዶሮ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጠበስ ማወቅ ለቤት ባለቤት ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ ለዶሮ አርቢው፣ ለአራጁና ለሱቅ ነጋዴው ጭምር የሚያስፈልግ ዕውቀት ነው።

በኢትዮጵያ ዶሮ ከሁሉ አስቀድሞ የወጥ ሥጋ ነው። ለዐውደ ዓመት የታረደው ዶሮ ላባው ተነጭቶ፣ ቆዳው ተገፎ፣ በአሥራ ሁለት ብልት ተበልቶ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ታጥቦ፣ በሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት ውስጥ ቀስ ብሎ ይበስላል። ይህ አሠራር ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረና በሚገባ የተፈተነ ስለ ሆነ፣ ዕድሜው የገፋውን ዶሮ እንኳ ለስላሳና ጣፋጭ አድርጎ ያቀርበዋል። በየሆቴሉ «አሮስቶ» እየተባለ የሚታወቀው፣ ዶሮን ሳይበልቱ ሙሉውን በደረቅ ሙቀት የመጥበስ ሙያ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ለወጥ የሚጠቅመው ልማድ ሁሉ ለጥብስ አይጠቅምም፤ አንዳንዱም ያበላሸዋል። ዛሬ በከተማ ብዙ ቤቶች የኤሌክትሪክ ወይም የጋዝ ኦቨን ስለ ገባና ታርዶ የተጸዳ ዶሮም በየሱቁ ስለሚሸጥ፣ የሁለቱን ሙያዎች ልዩነት ለይቶ ማወቅ ተገቢ ነው።

ትንሽ ዶሮ ስለሚመረጥበት ምክንያት

የአገሩ ዶሮ በተፈጥሮው ትንሽ ነው። ያደገች የሐበሻ ዶሮ በሕይወት ሳለች በአብዛኛው ከ1 እስከ 1 ኪሎ ተኩል ትመዝናለች፤ ከታረደችና ከተጸዳች በኋላ ደግሞ ከዚሁ ክብደት ከሩብ እስከ ሢሶ የሚሆነው ይቀነሳል። በቢሾፍቱና በሌሎችም ስፍራዎች በሚገኙ እርባታዎች የሚያድገው የሥጋ ዶሮ በአንጻሩ ቶሎ የሚከብድ ነው፤ ሆኖም ቀደም ብሎ ከታረደ እርሱም ተጸድቶ 1 ኪሎ ወይም ከዚያ ጥቂት በለጥ የሚል ሆኖ ሊሸጥ ይችላል። እንግዲህ ገዢው በብዛት የሚያገኘው ትንሹን ዶሮ ነው ማለት ነው።

ይህ ደግሞ ለጥብስ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው። ሙቀት ከሥጋው ውጭ ተነሥቶ እስከ መሐሉ የሚደርስበት ጊዜ ከሥጋው ውፍረት ጋር እኩል በእኩል አይጨምርም፤ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ውፍረቱ እጥፍ የሆነ ሥጋ መሐሉ እንዲበስል የሚወስደው ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ትልቅ ዶሮ መሐሉ እስኪበስል ድረስ ላዩ ይደርቃል፤ ትንሹ ዶሮ ግን ላዩ ሳይደርቅ መሐሉ ይደርሳል። ነገር ግን ይኸው ፍጥነት አንድ ችግር ያመጣል፤ ይኸውም ትንሹ ዶሮ በለዘብተኛ ሙቀት የተጠበሰ እንደ ሆነ ቆዳው ሳይቀላ ሥጋው በስሎ ያልፋል። ከዚህ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው፤ ትልቅ ዶሮ ለዘብ ያለ ሙቀትና ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ ትንሽ ዶሮ ከፍ ያለ ሙቀትና አጭር ጊዜ ይፈልጋል።

ስለ ወጪውም ቢሆን እውነቱን መናገር ይገባል። አንድ ዶሮ በወጥ ሲሠራ በቁሌቱና በእንቁላሉ ተደግፎ ብዙ እንግዳ ያስተናግዳል፤ 1 ኪሎ ከ200 ግራም የሚመዝን የተጸዳ ዶሮ ግን ተጠብሶ ሲቀርብ ለአራት ሰው ያህል ብቻ ይበቃል። በዚህ ፈንታ ጥብሱ ብዙ ሽንኩርትና የረጅም ሰዓት ድካም አይጠይቅም፤ ከኦቨን ውስጥ የሚቆየው ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። ወጡ የበዓሉ፣ ጥብሱ የእሑዱ ምሳ ነው ቢባል ያስኬዳል።

በኦቨን ውስጥ ስለሚሆነው ነገር

ጥብስን ጥብስ የሚያደርገው የቆዳው መቅላትና መዓዛው ነው። ይህም የሚሆነው በሥጋው ውስጥ ያሉት የፕሮቲንና የስኳር ክፍሎች በሙቀት ኀይል ሲዋሐዱ ነው፤ ሁኔታውን እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ሉዊ ካሚይ ማያር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ስለ ሆነ በስሙ ተጠርቷል። ይህ ለውጥ በሚገባ የሚፋጠነው ሙቀቱ ከ140 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው። ውሃ ግን እስኪተንን ድረስ የነካውን ነገር ከመፍያው ነጥብ በላይ እንዳይሞቅ ይይዘዋል። እንግዲህ እርጥብ ቆዳ ያለው ዶሮ ኦቨን ውስጥ ሲገባ ቆዳው መቅላት የሚጀምረው ውሃው ተንኖ ካለቀ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ብዙ ሰው «ዶሮዬ ነጥቶ ቀረ» ሲል የሚያማርርበት ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ነገር የደረቱና የታፋው ጠባይ የተለያየ መሆኑ ነው። ደረቱ ጅማትና ስብ ያነሰው ስለ ሆነ ቶሎ ይበስላል፤ ከመጠን በላይ ሲሞቅም ውሃውን ጨርሶ ይሰጥና እንደ ጭድ ይደርቃል። ታፋውና እግሩ ግን ዶሮው ሲሮጥባቸው የኖሩ ስለ ሆኑ ጅማት ይበዛባቸዋል፤ ጅማቱ ቀልጦ እንዲለሰልስ የበለጠ ሙቀትና ጊዜ ያስፈልገዋል። አንዱን ዶሮ በአንድ ጊዜ ሲጠብሱ ደረቱን ሳያደርቁ ታፋውን ማብሰል፣ የዚህ ሙያ ዋና ጭንቅ ነው። ከዚህ በታች የሚዘረዘረው ዘዴ አብዛኛው ይህንኑ ለማስታረቅ የታሰበ ነው።

ሦስተኛው የአገሩ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውሃ በባሕር ዳርቻ አገሮች በ100 ዲግሪ ሲፈላ በዚህች ከተማ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። በመሆኑም በድስት የሚቀቀል ሥጋ በቈላ ከሚወስደው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ኦቨን ግን በደረቅ አየር የሚሠራ ስለ ሆነ 200 ዲግሪ ላይ ሲያደርሱት በደጋም በቈላም ያው 200 ዲግሪ ነው። ነገር ግን በከፍታ ላይ እርጥበት ቶሎ ስለሚተንን፣ ሥጋው የመድረቅ ዝንባሌው ይበልጣል፤ ስለዚህ ከውጭ አገር መጽሐፍ የተገኘ የሰዓት ልክ እንደ ምልክት እንጂ እንደ ሕግ ሊቈጠር አይገባም።

ስለ ምርጫ

ለጥብስ የሚሆነው ወጣት ዶሮ ነው። ቄብ፣ ወይም ገና ኩኩሉ ማለት የጀመረ አውራ ዶሮ፣ ወይም ከእርባታ የመጣ የሥጋ ዶሮ ቢሆን መልካም ነው። ለብዙ ጊዜ እንቁላል ስትጥል የኖረች ዶሮ ለወጥና ለመረቅ የተመረጠች ናት፤ ጣዕሟም ከወጣቱ ይበልጣል፤ በደረቅ ሙቀት ግን ጅማቷ አይፈታም። እንዲህ ያለችውን ዶሮ በኦቨን ጠብሶ «እሳቱ አነሳት» ብሎ ሙቀት መጨመር ይብሱን ማጠንከር ነው።

ወጣትነቱን ለማወቅ የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ከነነፍሱ የሚገዛ ሲሆን የእግሩ ቅርፊት ለስላሳና የሚያብረቀርቅ መሆኑን፣ በአውራ ዶሮው እግር ኋላ የሚበቅለው ቀንድ መሰል ጥፍር ገና አጭር መሆኑን መመልከት ነው። ታርዶ የተጸዳ ሲሆን ደግሞ የደረቱን አጥንት የታችኛውን ጫፍ በጣት መጫን ነው፤ ወጣት ከሆነ ጫፉ እንደ ጆሮ ልም ሆኖ ይታጠፋል፤ ያረጀ ከሆነ ግን ጠንካራ አጥንት ሆኖ ይገኛል።

ለጥብስ የሚሆን ዶሮ ቆዳው ያልተገፈፈ መሆን አለበት። በወጥ ሥራ ቆዳ መግፈፍ ልማድ ስለ ሆነ፣ አንዳንድ አራጅ ሳይጠየቅ ይገፈዋል። ቆዳው ግን ለጥብስ እንደ ጣራ ነው፤ ሥጋውን ከሚያደርቀው አየር ይከልላል፤ በሥሩ ያለውም ስብ እየቀለጠ ሥጋውን ያርሰዋል። በቤት የሚታረድ ከሆነ በሙቅ ውሃ ነክሮ ላባውን ከነጩ በኋላ፣ የቀረውን ጠጉር በነበልባል ማሳረር ይበቃል።

ስለ ዝግጅት

በረዶ ሆኖ የተገዛ ዶሮ በሚገባ ሳይፈታ ወደ ኦቨን መግባት የለበትም፤ ላዩ ሲያር መሐሉ ጥሬ ይሆናልና። ማፍታቱ የሚሻለው በፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ለትንሽ ዶሮ አንድ ቀን ሙሉ ያህል ይበቃዋል። ችኰላ ካለ ውሃ በማያስገባ ፌስታል አስሮ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍና ውሃውን በየ30 ደቂቃው መለወጥ ይቻላል፤ በዚህ ዓይነት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለ ጊዜ ይፈታል። በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አሳድሮ ማፍታት ግን አደገኛ ነው፤ መሐሉ በረዶ እንደ ሆነ ላዩ ሞቆ ጀርም ይራባበታልና።

ስለ ማጠብም ሊነገር የሚገባው ነገር አለ። ዶሮን በሎሚና በጨው አጥቦ ማጥራት የቤት ክብር የሚለካበት ልማድ ነው። የዛሬዎቹ የምግብ ጤና ባለሙያዎች ግን በቧንቧ ሥር ማጠብን አይመክሩም፤ ምክንያቱም ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉት ጀርሞች ከሚረጨው ውሃ ጋር ወደ ሰላጣው፣ ወደ ዳቦውና ወደ ሳህኑ ይዛመታሉ። ጀርምን የሚገድለው ሙቀት ነው እንጂ ውሃና ሎሚ አይደለም። ልማዱን መተው የማይቻል ከሆነ በሳፋ ውስጥ፣ ውሃው ሳይረጭ፣ በቀስታ ማጠብና ከዚያም ሳፋውን፣ ቢላዋውን፣ መክተፊያውንና እጅን በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጽዳት ግዴታ ነው። ጥሬ ዶሮ የተቈረጠበት መክተፊያ ሳይታጠብ አትክልት አይከተፍበትም።

ከታጠበ ወይም ከተጸዳ በኋላ ዶሮው ውስጡም ውጭውም በወረቀት ፎጣ ፈጽሞ ይደርቃል። ቀጥሎም ጨው ይነሰነስበታል፤ ልኩ ለ1 ኪሎ ዶሮ 10 ግራም ያህል፣ ማለት በደቃቅ ጨው ሁለት የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። ጨው ከመጠበሱ በፊት በነበረው ቀን ማታ ተነስንሶ ዶሮው ሳይከደን በፍሪጁ ታችኛ መደርደሪያ በሳህን ላይ ቢያድር እጅግ ይጠቅማል። ጨው በመጀመሪያ ከሥጋው ውሃ ይስባል፤ ውሃውም ጨውን አሟሙቶ ተመልሶ ወደ ሥጋው ይገባል፤ በዚህ መካከል ቆዳው ይደርቃል። በማግስቱ ዶሮው እስከ ውስጡ የጣፈጠ፣ ውሃውን በቀላሉ የማይለቅና ቶሎ የሚቀላ ሆኖ ይገኛል።

ቅባቱ ንጥር ቅቤ ወይም ዘይት ቢሆን ይመረጣል። ያልተነጠረ ቅቤ በውስጡ ያለው የወተት ተረፈ ነገር በከፍተኛ ሙቀት ያርራል፤ ንጥሩ ግን ይህ ስለ ተወገደለት ሙቀቱን ይችላል፤ የኮረሪማውና የሌላውም ቅመም መዓዛ ትርፍ ነው። በሆዱ ውስጥ ግማሽ ሎሚ፣ ጥቂት የነጭ ሽንኩርት ፍሬ፣ የጥብስ ቅጠልና ጦስኝ ማስገባት በቂ ነው። ሆዱን በሩዝ ወይም በዳቦ አጭቆ መሙላት ለትንሽ ዶሮ አይመከርም፤ የተጨመረው ነገር እስኪበስል ደረቱ ይደርቃልና። በርበሬና ሚጥሚጣ የሚወድ ሰው በላዩ ላይ ነስንሶ ቢጀምር ቅመሙ አርሮ ይመርራል፤ ስለዚህ በርበሬውን በንጥር ቅቤ ለውሶ በደረቱ ቆዳና ሥጋ መካከል በጣት ማስገባት፣ ወይም ሊወጣ 10 ደቂቃ ሲቀረው ላዩን መቀባት ይገባል።

በመጨረሻም የክንፎቹን ጫፍ ወደ ጀርባው አጥፎ እግሮቹን በክር ላላ አድርጎ ማሰር ነው። ክሩ እጅግ ከጠበቀ ታፋው ከሆዱ ጋር ተጣብቆ ሙቀት አይደርሰውም።

ስለ መጥበስ

ኦቨኑ ዶሮው ከመግባቱ በፊት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መሞቅ አለበት። የቤት ኦቨኖች መዘውር የሚያሳየው ቍጥርና እውነተኛው ሙቀት ብዙ ጊዜ አይገናኙም፤ በውስጡ የሚቀመጥ አነስተኛ ቴርሞሜትር ይህን ያስታውቃል። በጠረጴዛ ላይ በሚቀመጠው ትንሽ ኦቨን ውስጥ የላይኛው ማሞቂያ ለዶሮው ቅርብ ስለ ሆነ፣ ትሪውን ወደ ታች ዝቅ ማድረግና ደረቱ ቶሎ ከቀላ በፎይል መከለል ያስፈልጋል።

ዶሮው ትሪው ላይ በሽቦ መደገፊያ ላይ ይቀመጣል። ሽቦ ባይገኝ በወፍራሙ የተቈራረጠ ድንች፣ ካሮትና ቀይ ሽንኩርት አንጥፎ በላዩ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከዶሮው የሚንጠባጠበው ስብ አትክልቱን ያጣፍጠዋል፤ ዶሮውም በገዛ ፈሳሹ ውስጥ አይቀቀልም። ኦቨኖች በአብዛኛው በጓዳቸው በኩል ይበልጥ ስለሚሞቁ፣ እግሮቹን ወደ ውስጥ ደረቱን ወደ በሩ አዙሮ ማስገባት ይረዳል።

ለመነሻ የሚያገለግለው የሙቀትና የሰዓት ልክ የሚከተለው ነው፤

ድርጭት፣ ከ150 እስከ 200 ግራም — በ230 ዲግሪ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ።
ዶሮ፣ ከ500 እስከ 700 ግራም — በ220 ዲግሪ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ።
ዶሮ፣ ከ800 ግራም እስከ 1 ኪሎ — በ220 ዲግሪ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ።
ዶሮ፣ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ያህል — በ220 ዲግሪ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ።
ዶሮ፣ 1 ኪሎ ተኩል ያህል — በ220 ዲግሪ 20 ደቂቃ፣ ቀጥሎ በ190 ዲግሪ፤ በጠቅላላው ከ65 እስከ 75 ደቂቃ።

በየጊዜው በሩን እየከፈቱ መመልከትና ስቡን ማፍሰስ አያስፈልግም፤ በሩ በተከፈተ ቍጥር ሙቀቱ ይወርዳል፤ ሰዓቱም ይረዝማል።

ጊዜ ያነሰው ሰው ሌላ ዘዴ አለው። የጀርባውን አጥንት ግራና ቀኝ በጠንካራ መቀስ ቈርጦ አውጥቶ ዶሮውን እንደ መጽሐፍ መዘርጋትና ደረቱን በመዳፍ ተጭኖ ማስተኛት ነው። በዚህ ጊዜ ውፍረቱ ስለሚቀንስና ታፋው ለሙቀቱ ስለሚጋለጥ፣ 1 ኪሎ ከ200 ግራም የሚመዝነው ዶሮ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል፤ ደረቱና ታፋውም አብረው ይበስላሉ።

የኤሌክትሪክ ኀይል በመካከል ቢቋረጥ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ማሰብ ብልኅነት ነው። መቋረጡ የጥቂት ደቂቃ ከሆነ በሩን ሳይከፍቱ መቈየት ይበቃል። የሚዘገይ መስሎ ከታየ ግን ግማሽ የበሰለውን ዶሮ ለብ ባለ ኦቨን ውስጥ ትቶ መብራት መጠበቅ ጀርም ማርባት ነው፤ ወዲያው ቈራርጦ በድስት፣ በጋዝ ወይም በከሰል እሳት ላይ ማብሰሉን መፈጸም ይገባል። ጥብሱ ቢቀርም ምግቡ አይጠፋም።

መብሰሉን ስለ መለየት

ከሁሉ የታመነው ዳኛ ሥጋ ውስጥ የሚሰካው ቴርሞሜትር ነው። ጫፉ አጥንት ሳይነካ በታፋው ወፍራም ክፍል ይሰካል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣቸው የምግብ ንጽሕና መመሪያዎች ምግብ በመሐሉ ቢያንስ 70 ዲግሪ እንዲደርስ ሲመክር፣ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዶሮ ሥጋ ሁሉ 74 ዲግሪን ወስኗል። የሁለቱ ልዩነት ጊዜ ነው፤ በ70 ዲግሪ ጀርሙ እስኪሞት ጥቂት መቈየት ያስፈልገዋል፤ በ74 ዲግሪ ግን ወዲያው ይሞታል። ለቤት ሥራ 74ን መያዝ ይሻላል፤ ታፋው 77 ወይም 80 ቢደርስም ይለሰልሳል እንጂ አይጐዳም።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው በታፋውና በሆዱ መካከል በቢላዋ ጫፍ ወግቶ የሚወጣውን ፈሳሽ ይመለከታል፤ ፈሳሹ የጠራ፣ እግሩም ሲነቀነቅ ከመገጣጠሚያው ላላ ያለ ከሆነ ደርሷል ማለት ነው። ሆኖም ቀለም ብቻውን ሙሉ ምስክር አይደለም፤ ወጣት ዶሮ በሚገባ በስሎ ሳለ እንኳ ከአጥንቱ የሚወጣው ደም በአጥንቱ አጠገብ ያለውን ሥጋ ሐምራዊ ሊያደርገው ይችላል። ጥርጣሬ ካለ 10 ደቂቃ መጨመር ከሕመም ይሻላል።

ከወጣ በኋላ ሳይቈረጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያርፋል። በዚህ ጊዜ የውስጡ ሙቀት ጥቂት ይጨምራል፤ ፈሳሹም ረጋ ይላል። ወዲያው የተቈረጠ እንደ ሆነ ፈሳሹ ትሪው ላይ ይፈስሳል፤ ሥጋውም ይደርቃል። አቈራረጡ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ሁለቱን እግሮች ከነታፋቸው፣ ቀጥሎ ሁለቱን ክንፎች፣ በመጨረሻም የደረቱን ሥጋ በመሐል አጥንቱ ግራና ቀኝ አውርዶ ማቅረብ ነው። የቀረው አጥንት ከሽንኩርትና ከካሮት ጋር ቢቀቀል ለማግስቱ ጥሩ መረቅ ይወጣዋል። ተርፎ የቈየ ሥጋ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባት፣ ከ3 እስከ 4 ቀን ባለ ጊዜ ውስጥም መበላት አለበት።

ለነጋዴው የሚሰጠው ጥቅም

ከላይ ከተነገረው ሁሉ ለንግዱ የሚተርፈው ትምህርት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም።

1ኛ፤ ሻጩ ዶሮዎቹን በዕድሜ ይለያቸው። እንቁላል መጣል ያቆመችውንና ወጣቱን የሥጋ ዶሮ በአንድ ክምር ቀላቅሎ በአንድ ስም መሸጥ ሁለቱንም ገዢ ያስቀይማል። ዶሮ ፈላጊ በመጣ ጊዜ «ለወጥ ነው ወይስ ለአሮስቶ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

2ኛ፤ ክብደቱና የታረደበት ቀን በግልጽ ይጻፍ። የሰዓቱ ልክ የሚወሰነው በክብደቱ ስለ ሆነ፣ ክብደቱን የማያውቅ ገዢ በግምት ይጠብሳል፤ በግምት የጠበሰም አንድ ቀን መሳሳቱ አይቀርም።

3ኛ፤ ለጥብስ የሚሸጠው ቆዳው ያልተቀደደና የደረቀ ይሁን። በውሃ ተነክሮ ክብደቱ የጨመረ ዶሮ ለጊዜው ትርፍ ቢመስልም፣ ውሃው በገዢው ትሪ ላይ ሲፈስስ ምሥጢሩ ይገለጣል።

4ኛ፤ ቅዝቃዜው አይቋረጥ። ትኩሱ ከ5 ዲግሪ በታች፣ በረዶው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ይቀመጥ። መብራት ጠፍቶ ፈጽሞ የተፈታና የሞቀ ዶሮ ተመልሶ በረዶ ተደርጎ ሊሸጥ አይገባም፤ ዐይን ልዩነቱን ባያውቀውም ሆድ ያውቀዋል።

5ኛ፤ አጭር የአጠባበስ መመሪያ በአማርኛ ታትሞ ከዶሮው ጋር ይሰጥ። የአንዲት ብጣሽ ወረቀት ዋጋ ጥቂት ነው፤ ደንበኛው ግን በመጀመሪያው ሙከራ ከተሳካለት በሚመጣው እሑድ ተመልሶ ይመጣል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። የዶሮ ገበያ በእንቍጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ይሞቃል፤ 55 ቀን በሚጾመው በዐቢይ ጾምና በሌሎቹም አጽዋማት ይቀዘቅዛል። አርቢው ግን ዶሮውን በየቀኑ ይመግባል፤ ገበያ እስኪመጣ ያስቀመጠው ዶሮ በየሳምንቱ መኖ ይበላበታል፤ ዕድሜውም እየገፋ ሥጋው ይጠነክራል። ከበዓል ውጭ ባሉት የፍስክ ሳምንታት ለቤተ ሰብ ምሳ የሚበቃ ትንሽ ዶሮ የሚገዛ ደንበኛ ከበዛ፣ አርቢው ከብቱን በወቅቱ ይሸጣል፤ ነጋዴው መደርደሪያው አይራቆትም፤ ገዢውም በዋዜማ ከሚደርስበት የዋጋ ንረት በከፊል ይድናል። እንዲህ ያለው ደንበኛ በማስታወቂያ ብዛት ሳይሆን፣ ከኦቨኑ በሚያወጣው ዶሮ መልካምነት የሚገኝ ነው። ስለዚህ ዶሮ የሚሸጥ ሁሉ የዶሮውን ጠባይ አውቆ ለገዢው ቢያስረዳ፣ ምክሩ ከሸቀጡ ጋር የተሰጠ ምርቃት ሆኖ ለራሱም ለደንበኛውም ጥቅም ይሆናል።